የዕቅድ ውይይት፦ በእምነታቸው ስለታሰሩ ሰዎች፣ ሦስተኛ ረቂቅ (የማኅበራችን አባላት በስልክ የተጻጻፉት፣ በቅጽል ስም)

ጸሐፊ (ሰኞ ማታ)
ሦስተኛው ረቂቅ ይኸው። እሑድ ጸድቆ መውጣት አለበት። ከዚህ በላይ ከጎተትነው ቃሉ የሚቀዳ ሰው አይኖረንም። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ብቻ ከዝርዝራችን ሁለት ሰው ቀብረናል።

«በናዝሬት ከተማ በእምነታቸው ምክንያት ታስረው የነበሩ አዛውንቶችን ቃል በድምፅ ቀድቶ ማስቀመጥ። ዛሬ በሌላ አገር በእምነታቸው ለታሰሩ ሰዎች በማኅበሩ ስም አቤቱታ መጻፍ። በመጨረሻም አዳራሽ ተከራይቶ የተቀዳውን ለከተማው ልጆች ማሰማት።»

ጠቅላላ ወጪ 96,000 ብር። ካዝና ውስጥ 71,400 አለ። የቀረውን 24,600 ለ41 አባል ስናካፍለው 600 ብር ይደርሰናል። ቀረጻውን የፍራንኮ ልጅ፣ መምህርና ኡሙ ሰሚር ይዘውታል።

ገንዘብ ያዥ
600 ብር ለሁሉም ቀላል አይደለም። ያለፈውን መዋጮ ያልከፈሉ 9 ሰዎች አሉ። ደግሞ መቅጃ በ14,000 ለምን ይገዛል? ሁላችንም ስልክ አለን።

የፍራንኮ ልጅ
ስልክ አይሆንም። የከተማችንን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ባለፈው አንድ አባት በረንዳቸው ላይ ሲያወሩ ቀድቼ ቤት ገብቼ ብሰማው ከነፋስ በቀር ምንም የለም። ደህና መቅጃ አዲስ አበባ አይቻለሁ። ቀብድ 5,000 ከተሰጠኝ ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ
5,000 አስገብቼልሃለሁ። ደረሰኝ አምጣ።

ቦኩ
ሐሳቡን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ይታረም። «ናዝሬት ከተማ» የሚባል የለም። አዳማ ነው። ይህ ሳይታረም አልፈርምም፣ 600ውንም አልከፍልም።

ምድር ባቡር
ልጄ፣ ሰዎቹ የታሰሩት ናዝሬት ነው። በጥር 1974 መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ፣ ስድስቱ መሪዎች ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ ሲታጎሩ ከተማዋ ናዝሬት ነበር የምትባለው። አዳማ የሚለው ስም በይፋ የተመለሰው በ1992 ነው። ስለ ድሮ ሲጻፍ የድሮው ስም ይጻፋል።

ቦኩ
«የተመለሰው» አሉ እኮ ጋሼ። ተመለሰ ማለት ቀድሞም ነበረ ማለት ነው። ናዝሬት ንጉሡ የሰጡት ስም ነው። አያቴ አንድም ቀን ናዝሬት ብላ አታውቅም። አዳሚ ቁልቋል ነው፣ ስሙ ከዚያ ነው የወጣው ትለን ነበር። ሰው ላይ ሕሊናው ያልተቀበለው ነገር አይጫንበት ብለን በምንጽፈው ወረቀት ላይ ከላይ የተጫነ ስም ሳይ ያመኛል።

ምድር ባቡር
እኔንም ያመኛል። የተወለድኩባትን ከተማ እናቴ በምትጠራበት ስም ስለጠራሁ ጨቋኝ ልባል ነው? አባቴ እዚህ ባቡር ጣቢያ 30 ዓመት ሠርቷል። ትኬቱ ላይ ናዝሬት ነበር የሚለው።

ኡሙ ሰሚር
ሁለቱም ይጻፍ። «አዳማ (ናዝሬት)»። እንለፍ።

ምድር ባቡር
በቅንፍ? እስረኞቹ የሚያውቁት ስም ለምን ቅንፍ ውስጥ ይገባል?

ቦኩ
ቅንፉንም አልቀበልም። ዛሬ በሕግ ያለው ስም አንድ ነው።

ሶደሬ መንገድ
«ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው በዛሬዋ አዳማ» ብንልስ?

ቦኩ
«በዛሬዋ» ምን ማለት ነው? ትናንት አልነበረችም ወይ?

ጸሐፊ
ከትናንት ጀምሮ 34 መልእክት ተጽፏል። 29ኙ ስለ ስሙ ነው። ስለ ቀረጻው አንድም ሰው አልጻፈም። የአዳራሹ ባለቤት ቀብድ እየጠየቀኝ ነው።

መምህር
ስሙን ለጊዜው ተዉት። እኔን የሚያሳስበኝ ማን ይቀዳል የሚለው ነው። ረቂቁን ሳነበው የደርግ ዘመን ብቻ ይመስላል። እንደዚያ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ጥለነዋል።

በንጉሡ ዘመን የሆነውንስ? በነሐሴ 1964 አዲስ አበባ ውስጥ 250 ያህል የሙሉ ወንጌል ምዕመናን ለጸሎት እንደተሰበሰቡ ተይዘዋል። እዚሁ እኛ ከተማ «የሰማይ ብርሃን» የሚባሉት ወጣቶች ከዚያም በፊት መከራ አይተዋል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ማንንም አልማረም። አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ነበሩ። በ1968 ተሽረው ታሰሩ፣ በ1971 ተገደሉ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ከመንገድ ተወሰዱ፣ ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ 10 ዓመት ገደማ ታስረዋል። የሁለቱም አባቶች ሬሳ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ መካነ ኢየሱስ፣ ያሰራቸው እጅ ግን አንድ ነው።

ወደዚህም ኑ። በሐምሌ 2004 የሙስሊሙ ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። ጥያቄያቸው መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ፣ መጅሊሱን እኛ እንምረጥ የሚል ነበር። በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰው በ2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ኋላ ተፈቱ። ሕገ መንግሥቱ ግን ያኔም ነበረ፣ የእምነት ነጻነትን የሚደነግገው አንቀጽ 27ም እዚያው ነበረ። ስለዚህ የአንዱን ቀድተን የሌላውን መተው አንችልም።

ሶደሬ መንገድ
የ2004ቱን ብንተወው ይሻላል። ፖለቲካ ነው። የደርጉ አልፏል፣ ማንም አይጠይቀንም።

ኡሙ ሰሚር
ምን ማለትህ ነው? የናንተ እምነት፣ የኛ ፖለቲካ ሆነ ማለት ነው? ወንድሜ ዓርብ ከስግደት ወጥቶ ተወስዶ ሁለት ወር ታስሯል። ያለ ክስ ለቀቁት። እናቴ በየቀኑ ምሳ ይዛ ሄዳ በር ላይ ቆማለች። እሷ ላይ የተባሉት ያው በደርግ ጊዜ በእናንተ እናቶች ላይ ሲባሉ የነበሩት ቃላት ናቸው። «ጸረ ሕዝብ»፣ «ከውጭ የተላኩ»። እዚህ ማኅበር ውስጥ አምስት ዓመት መዋጮ የከፈልኩት የጎረቤቶቼን ለቅሶ ብቻ ለመስማት አይደለም። የ2004ቱ ከወጣ እኔም ወጥቻለሁ፣ ከቀረጻውም ከማኅበሩም።

ምድር ባቡር
ኡሙ ሰሚር እውነቷን ነው። እኔ በ1974 ጎረቤቴ ሲወሰድ መስኮቴን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። «የነሱ ጉዳይ ነው» ብዬ። ያን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም። የ2004ቱ ይግባ።

ሶደሬ መንገድ
ይቅርታ እህቴ። ክፉ አስቤ አይደለም። ልጆች ስላሉኝ ፈርቼ ነው።

ኡሙ ሰሚር
ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። እሺ፣ ይቅር ለእግዜር።

ቦኩ
እኔም የ2004ቱ እንዲገባ እደግፋለሁ። ስሙ ግን አልተወሰነም።

ጸሐፊ
የአቤቱታው ጉዳይ ይወሰን። ለማን ነው የምንጽፈው?

መምህር
እኔ ኤርትራን ነው ያሰብኩት። ቅርባችን ናት፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አለን። እዚያ ከግንቦት 1994 ጀምሮ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራን እና ከሱኒ እስልምና ውጭ ያለ እምነት በሙሉ ታግዷል። ሰው በብረት ኮንቴይነር ውስጥ ታስሯል፣ ቀን እሳት ሌሊት በረዶ። ሦስት የይሖዋ ምሥክሮች መሣሪያ አንይዝም ስላሉ በመስከረም 1987 ታስረው የተፈቱት በኅዳር 2013 ነው። 26 ዓመት፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ። የተፈቀደውም ቤተ እምነት አልዳነም። ፓትርያርኩ አቡነ አንጦንዮስ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት ስለተቃወሙ ከመንበራቸው ተነስተው በቁም እስር እንዳሉ በየካቲት 2014 አረፉ። አቤቱታው ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ይጻፍ። የቻርተሩ አንቀጽ 8 የእምነት ነጻነት ነው፣ ኤርትራም ተቀብላዋለች።

ገንዘብ ያዥ
አሁን ባለው ሁኔታ ከድንበር ማዶ ላለ መንግሥት ብንጽፍ ነገ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ማኅበራችን ትንሽ ናት።

ቦኩ
ደብዳቤው ላይ ማኅተማችን ይመታል። ማኅተማችን ላይ «ናዝሬት» ነው የሚለው። ይህን ማንም አላስተዋለም?

ምድር ባቡር
ማኅተሙ ሲሠራ ነበርኩ። ካሳሰበህ አንተ አሠራው።

ቦኩ
አሠራዋለሁ። በራሴ ገንዘብ።

ምድር ባቡር
በገንዘብህ ማኅተም መቀየር አትችልም! የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ይፈልጋል!

ጸሐፊ
ሁለታችሁም በስልክ ተነጋገሩ እባካችሁ።

ገንዘብ ያዥ (ቅዳሜ)
የፍራንኮ ልጅ የት ገባህ? ሐሙስ አልፏል። ስልክህ አይነሳም። 5,000 ብሩ የአባላት ነው።

ሶደሬ መንገድ
ወደ ሐዋሳ ለሥራ ሄዷል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ኡሙ ሰሚር
አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዛሬ ጠዋት ከፖስታ ቤት ጀርባ ያሉትን እናት ለመቅዳት ቀጠሮ ነበረን። መቅጃው የለም፣ የፍራንኮ ልጅ የለም፣ መምህር ስብሰባ ነበረው። እኔም መቅጃው ካልመጣ ብዬ ቀረሁ። አሁን ልጃቸው ደወለችልኝ። ቄጠማ ጎዝጉዘው፣ ቡና አፍልተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው እስከ እኩለ ቀን ጠብቀውናል። እኛ ያኔ ስለ ቅንፍ እየተጻጻፍን ነበር።

ምድር ባቡር
ልቤ ተሰበረ።

ቦኩ
እኔም። በእናታችን ፊት አፍራለሁ።

ጸሐፊ (እሑድ ማታ)
ስብሰባው ላይ ከ41 አባል 17 ሰው መጥቷል። የአዳራሹ ባለቤት የፈቃድ ደብዳቤ ጠይቋል። ደብዳቤው ደግሞ ማኅተም ይፈልጋል፣ ማኅተሙ ላይ ስምምነት የለም። ስለዚህ አዳራሹ ለጊዜው ቀርቷል። አቤቱታውም ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ሶደሬ መንገድ አንድ ሐሳብ አቅርቦ 12 ሰው ደግፎታል። በመጪው በዓል ማረሚያ ቤት ሄደን እስረኞችን እንጠይቅ፣ ሳሙናና ብርድ ልብስ እንውሰድ የሚል ነው። መዋጮው ከ600 ወደ 200 ይወርዳል።

ሶደሬ መንገድ
ሁላችንንም ያስማማል። «ታስሬ መጥታችሁ ጠየቃችሁኝ» ነው ቃሉ። በእስልምናም እስረኛን ማብላት ትልቅ ሥራ ነው።

መምህር
እስረኛ መጠየቅ መልካም ነው፣ እሄዳለሁም። ግን የተነሳንበት ይህ አልነበረም። የተነሳነው ምንም ሳይሰርቁ፣ ማንንም ሳይመቱ፣ ስለጸለዩ ብቻ የታሰሩ ሰዎች ቃል አብሯቸው እንዳይቀበር ነው። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ 5,000 ያህል ምዕመናን ነበሯት። ስትከፈት 34,000 ሆነዋል። እነዚያ ሰዎች አምስት አምስት እየሆኑ በየቤቱ ተሰብስበው እንዴት እንዳለፉ የሚነግሩን ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሳሙና በማንኛውም ቀን መግዛት ይቻላል።

ገንዘብ ያዥ
ብዙኃኑ ወስኗል መምህር። የሳሙና ዋጋ ከሦስት ሱቅ አስመጥቻለሁ፣ ማታ እለጥፋለሁ።

ኡሙ ሰሚር (ረቡዕ)
ትናንት ብቻዬን ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ደግሞ ለዚህ» ብለው እንደገና ቡና አፈሉ። በርና መስኮት ዘግተን፣ ፍሪጁን ነቅለን፣ በስልኬ 52 ደቂቃ ቀዳሁ። በደንብ ይሰማል።

ባለቤታቸው ታስረው ነበር። ስለ ዱላው ብዙም አላወሩም። ያወሩት ስለ ምሳ ሳህኑ ነው። በየቀኑ ምሳ ያደርሳሉ፣ የትናንቱን ሳህን ባዶውን ይቀበላሉ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከመጣ ሰውየው በሕይወት አለ። «ከዛሬ ወዲያ ስንቅ አታምጪ» ካሏቸው አለቀ ማለት ነው። አንድ ቀን ሳህኑ ውስጥ ትንሽ ሽሮ ተርፎ መጣ። ታሞ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው የበላው እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ሳህኑን አቅፈው አደሩ። ሳህኑ አሁንም አለ። አሳዩኝ። አንድ ጎኑ ተጨርምዷል።

እናቴም የወንድሜን ሳህን እንዲሁ አድርጋ ነበር የምታየው። ነገርኳቸው። እጄን ይዘው አለቀሱ።

ፋይሉ ከባድ ነው፣ እዚህ አይጫንም። ስልኬም አርጅቷል፣ እንዳይጠፋብኝ ፈርቻለሁ። ፍላሽ ያለው ሰው አለ?

ምድር ባቡር
ያቺ እናት የጎረቤቴ ሚስት ናቸው። መስኮቴን የዘጋሁበት ሰው ሚስት። በሚቀጥለው ስትሄጂ ንገሪኝ ልጄ፣ አብሬሽ እመጣለሁ።

ቦኩ
የቱለማ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ሁለት አባቶች አውቃለሁ። አንዱ ታስረው ነበር። ካስፈለገ አስተረጉማለሁ።

ገንዘብ ያዥ
ፍላሽ በጀት ውስጥ የለም። ከኪሴ ገዝቼ ነገ አመጣልሻለሁ። ሳሙናው 40 ካርቶን ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳል። የሚጭኑ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ።