የሞጁል ሊስነር የት ይመዝገብ? የቅዳሜው ክርክር ቀጥሏል

አስተባባሪ፦
ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር አላለቀም። ላልነበራችሁ፦ የምንሠራው ሲስተም በሞጁል (ለየብቻ በሚቆሙ የኮድ ክፍሎች) ተከፍሏል፤ ክፍያ፣ መጋዘን፣ መልእክት፣ ሪፖርት። ብር ሲገባ የክፍያ ሞጁሉ «ተከፍሏል» የሚል ኢቨንት፣ ማለትም «ይህ ሆነ» የሚል ማስታወቂያ፣ ይለቃል። የሚመለከታቸው ሞጁሎች ደግሞ ሊስነር፣ ማለትም ማስታወቂያውን ሰምቶ ሥራውን የሚሠራ ኮድ፣ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ቅዳሜ ስንቆጥር 4 ሊስነር ነው ያገኘነው። እያንዳንዱ ሞጁል የራሱን በራሱ ፎልደር ይመዝግብ ወይስ ሁሉም አንድ ፋይል ላይ ይጻፍ? ስድብ ክልክል ነው። ፍሬምወርክ (ሲስተም የሚገነባበት ዝግጁ ኮድ) ማወዳደርም ክልክል ነው፤ አውቃችኋለሁ።

የአራት ኪሎዋ፦
እያንዳንዱ በራሱ ቤት። የሞጁል ትርጉሙ እኮ ነቅለህ ስታወጣው ሌላው እንዳይናጋ ነው። የመልእክት ሞጁሉን ብሰርዝ ሊስነሩም አብሮ መሄድ አለበት። አንድ ፋይል ካልን ሁላችንም እዚያው እንጋፋለን፤ ሜርጅ ባደረግን፣ የየራሳችንን ኮድ ባዋሃድን ቁጥር ግጭት ነው። የዕድር ጥሩምባ ነፊ ማን ድንኳን እንደሚተክል አይጠይቅም። ይነፋል፣ ያልፋል።

የድሮ ካዛንቺስ፦
ጥሩምባ ነፊው ባይጠይቅም ዕድሩ መዝገብ አለው እኮ! የቀረ ይቀጣል። ያንቺ ሊስነር ቢቀር ማን ያውቃል? አዲስ ልጅ ሲቀጠር አንድ ፋይል ከፍቶ «ክፍያ ሲገባ እነዚህ ነገሮች ይሆናሉ» ብሎ ማንበብ አለበት። ፎልደር ለፎልደር ሲዞር መዋል የለበትም።

የአራት ኪሎዋ፦
መዝገብ ከፈለግክ የምንሠራበት ፍሬምወርክ፣ ላራቬል፣ ላይ «ኢቨንት ሊስት» የሚል ትእዛዝ አለ። ኢቨንቱን ከነሊስነሩ ይዘረዝርልሃል። በእጅ የተጻፈውን ሰው ይረሳዋል።

ሜክሲኮ አደባባይ፦
የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የአንድ ሱቅ ሲስተም ነበር፤ ስሙ ይቅር። ከላራቬል ስሪት 10 ወደ 11፣ ከነአዲሱ የፋይል አደረጃጀቱ፣ አሳደግነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 11 በአዲሱ አደረጃጀት ሳይጠየቅ ሊስነሮችን ራሱ ፈልጎ ይመዘግባል። እኛ የድሮውን በእጅ የተጻፈ ዝርዝር አልነካነውም። በቃ፣ ሁሉም ሊስነር ሁለቴ ተመዘገበ። ኤረር የሚባል ነገር የለም! ሰው 1,850 ብር ይከፍላል፤ «1,850 ብር ተቀብለናል» የሚል ኤስኤምኤስ ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። ሰኞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ «ሁለቴ ቆረጣችሁብኝ» የሚል ሰው ተሰልፏል። የተቆረጠው አንዴ ነው፤ ግን ማን ያምንሃል? አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ይኸው ሁለት ነው፤ መቁጠር እኮ አያቅተኝም» አሉኝ። መጋዘኑ ላይም ዕቃው ሁለት ሁለት እየተቀነሰ ነበር። ያን ያወቅነው ቆጠራ ስናደርግ ነው።

የድሮ ካዛንቺስ፦
ይኸው! አንድ ፋይል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሜክሲኮ አደባባይ፦
አንድ ፋይል ነበረን እኮ ወንድሜ። የተደረበብን እሱ ላይ ነው።

ቸርችል ቁልቁለት፦
ብሮውዘር ላይ ያለውን ለምን አታነሱም? ስም የሌለው ፈንክሽን (ቁራጭ ኮድ) ሰጥታችሁ ሊስነር ትጨምራላችሁ። በኋላ በሪሙቭ (በማንሻው ትእዛዝ) ላንሳው ብትሉ አይነሳም፤ ያንኑ ፈንክሽን መልሳችሁ መስጠት አለባችሁ። ገጹ ሳይታደስ ያ የሚጨምረው ኮድ በሮጠ ቁጥር አንድ ይጨመራል።

አስተባባሪ፦
ልክ ነህ፤ ግን እሱ ለብቻው አንድ ቅዳሜ ይፈልጋል።

ጋሼ ፒያሳ፦
የምትጣሉት ስለ አድራሻ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ተራው ነው። ማወዳደር ክልክል ቢባልም ልናገር፦ ሲምፎኒ የሚባለው ሌላ ፍሬምወርክ ላይ ለሊስነር ቁጥር ትሰጣለህ፤ ትልቅ ቁጥር ያለው ቀድሞ ይሮጣል። ላራቬልም እንዲህ ያለ ነገር ነበረው፤ ስሪት 5.4 ላይ አነሱት። ደግ አደረጉ። ዕቃው ሳይቀነስ ደረሰኝ መውጣት ከሌለበት ሁለቱን በተራ፣ በቀጥታ ጥራቸው። ለምን ጥሩምባ ታስነፋለህ?

ሌላም አለ። ዳታቤዙ ገና ኮሚት ሳያደርግ፣ ማለትም ለውጡን ሳያጸድቅ፣ ኢቨንቱ ይለቀቃል፤ ሊስነሩ መልእክቱን ይልካል። ከዚያ አንድ ነገር ይበላሽና ሮልባክ ይሆናል፤ ለውጡ ሁሉ ይሰረዛል። ክፍያው የለም፤ መልእክቱ ግን ሰውዬው ስልክ ላይ ቁጭ ብሏል። ኤስኤምኤስ ሮልባክ የለውም። ከኮሚት በኋላ ሩጥ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ይህን ያደረገ ከመካከላችሁ ማን ነው?

የአራት ኪሎዋ፦
ጋሼ፣ እኔ አላደረግኩም። አሁን ላደርግ ነው። እሺ፣ ገንዘብና ዕቃ የሚነካው በቀጥታ ይጠራ። መልእክትና ሪፖርት ግን በየሞጁሉ ይቀመጥ፤ ከዚህ አልወርድም።

የድሮ ካዛንቺስ፦
ሪፖርቱ ላይ አልስማማም። የወሩ ሂሳብ ሳይገጥም ሂሳብ ክፍል የሚደውለው ለኔ ነው፤ ላንቺ አይደለም።

አስተባባሪ፦
ያንን «ኢቨንት ሊስት» ትእዛዝ አሁን በኛው ሲስተም ላይ አስኬድኩት። «ተከፍሏል» ሥር 5 ሊስነር ነው የሚያሳየኝ። አምስተኛው ክፍያ በገባ ቁጥር ወደ አንድ ኢሜይል ይልካል። የኢሜይሉ ባለቤት መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ሁለት ዓመቱ ነው።