አሜሪካ ለ5 ሳምንት የተማሪ ሊደርሺፕ ፕሮግራም አለፍኩ፣ የአክስቴ ልጅ ግን "እንዳትመለሺ" እያለችኝ ነው፣ ምን ትመክሩኛላቹ?

ጣና_ዳር፦
ሰላም እንዴት ናቹ። እዚህ ቤት አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም ስለዚህ ካንዛዛሁት ይቅርታ። ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ክፍለ ሀገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው ምማረው፣ ግቢ ውስጥ የሴቶች ክበብ ሰብሳቢ ነኝ። አንድ መምህራችን ቴሌግራም ላይ ሊንክ ለቆልን እስቲ ልሞክር ብዬ ሞላሁና ረሳሁት። ከዛ ለኢንተርቪው ጠሩኝ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አልፈሻል አሉኝ!! ሱሲ ሚባለው ነው፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሚከፍልለት፣ ክረምት ላይ 5 ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከሌላ አገር ተማሪዎች ጋር እየኖሩ ስለ ሊደርሺፕና ስለ አገሩ መማር፣ መጨረሻ ላይ ጉዞ አለው፣ ማሳረጊያው ዋሽንግተን ነው። ትኬት ዶርም ምግብ ሁሉም በነሱ። እናቴ እልል ብላ ጎረቤቱን ሰብስባ ቡና አፍልታለች።

ችግሩ ሁለት ነው። የግቢያችን ካላንደር ተዛብቶ ፋይናላችን ልክ ፕሮግራሙ መሃል ላይ ወደቀ፣ ዲፓርትመንት ሄዱን (ኃላፊውን) ሳናግረው "ዊዝድሮው ሙዪና ሂጂ" ብሎኝ ቁጭ፣ ትምህርቱን አቋርጠሽ ውጪ ማለቱ ነው። ዊዝድሮው ከሞላሁ ደግሞ ጓደኞቼ ኤግዚት ኤግዛም ሲፈተኑ እኔ ገና ኮርስ ላይ ነኝ። ሁለተኛው ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ስደውልላት እንኳን ደስ አለሽ ሳትል "እንዳትመለሺ" ነው ያለችኝ። ሰው በበረሃ በባህር ይሄዳል፣ አንቺን በአውሮፕላን ወስደውሽ ልትመለሺ ነው? ትለኛለች። አባቴ ምንም አላለም ግን እሱ ዝም ሲል ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፣ ከኔ በታች 3 ልጆች አሉ። እኔ መመለስ ነው ምፈልገው፣ ግን ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሄዳቹ የምታውቁ ካላቹ እስቲ ንገሩኝ።

ቶና_ቡና፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ!! እኔ ከ4 ዓመት በፊት በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሄጄ ተመልሻለሁ። ከፈተናው ልጀምርልሽ። ሄዱን በቃል ነው አይደል የጠየቅሽው? በቃ ስህተቱ እሱ ነው። የኛ ሰው በቃል "አይቻልም" ለማለት ምንም አይከብደውም፣ ማመልከቻ ጽፈሽ መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥር ካሰጠሽበት ግን ለምን እንደማይቻል ጽፎ መፈረም ሊኖርበት ነው፣ ያኔ ሁሉም ይለሰልሳል። ኤምባሲ ፕሮግራሙን ለሚያስተባብሩት ኢሜይል አድርጊና ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እዛ እንደምትሆኚ የሚገልጽ ደብዳቤ ለምኛቸው፣ እሱን አባሪ አድርገሽ ለዲኑ፣ ግልባጭ ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዝዳንትና ለሬጅስትራር። ምትጠይቂው ዊዝድሮው ሳይሆን ሜክአፕ ነው፣ ያመለጠሽን ፈተና በሌላ ቀን መፈተን። እኔ ሁለት ኮርስ ሜክአፕ ተፈተንኩ፣ አንዱን መምህሩ ፈጽሞ እምቢ አለኝና ከታች ካለው ባች ጋር ደገምኩት፣ አልሞትኩም።

እዛ የከበደኝ እንግሊዝኛው አልነበረም። እኛ መምህር ሲያወራ እየጻፍን ነው ያደግነው። እዛ ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ በስሜ ጥሩኝ ይላል፣ ከዛ "እናንተስ ምን ትላላቹ?" ብሎ ዝም። ሳልጠየቅ መናገር ድፍረት ስለሚመስለኝ የመጀመሪያውን ሳምንት አፌ ተሳስሮ ከረምኩ። ሩሜቴ የሌጎስ ልጅ ነበረች፣ ማታ ዶርም ውስጥ ስታስለፈልፊኝ ታድሪና ክፍል ስንገባ ዱዳ ትሆኛለሽ ብላ ሳቀችብኝ፣ ከዛ በኋላ ነው የተፈታሁት። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ፉድ ባንክ (ለተቸገረ ሰው ምግብ የሚያድሉበት ቦታ) ወስደውን ምግብ በካርቶን ስንሞላ ዋልን፣ ሰዉ በመኪና ተሰልፎ ዘይትና ሩዝ ይወስዳል። የፊልሟ አሜሪካ ለኔ እዛ ጋ አበቃች።

ይዤው የመጣሁትን ከጠየቅሽኝ ግን ከክፍሉ ትምህርት ይልቅ የተማሪ ኅብረታቸው ስብሰባ ነው። ከተማሪው የሚሰበሰበውን የአክቲቪቲ ክፍያ ለየክበቡ የሚያከፋፍሉት የተመረጡት ተማሪዎች ራሳቸው ናቸው፣ ማንም ገብቶ ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ አንዲት ልጅ ለፒዛ ያወጣችውን ብር እንድታስረዳ ግማሽ ሰዓት አፋጠጧት። ስመለስ እኛ ክበብ ደረሰኙን በሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመርን። የተቀየመኝ ሰው ነበር አልዋሽሽም።

ሌላ ሌላው ቀላል ነው። ፓስፖርትሽ ላይ የመጨረሻው ስም የአያትሽ ስለሆነ በሱ ነው ሚጠሩሽ፣ የኔ አያት ነፍሳቸውን ይማርና 5 ሳምንት ሙሉ "ሚስ" እየተባሉ አሜሪካን ዞሩ። ፍልሰታ እዛ ከያዘሽ ካፌው ውስጥ ቪጋን ሚል ያለበትን ማንሳት ነው፣ እኔ ጾምን ማስረዳት ሲደክመኝ ቪጋን ነኝ ብዬ ተገላግያለሁ። ቡና ተቆልቶ የተፈጨ ያዢ፣ ዶርም ውስጥ ትንሽ ጭስ ካለ አላርሙ ሕንፃውን በሙሉ ያስወጣል (አትጠይቂኝ እንዴት አወቅሽ ብለሽ)።

ፎርም_ሙሌ፦
የዘመድን ምክር ከመስማት በፊት ሕጉን ማወቅ ነው። ምትሄጂው በጄ-1 ነው፣ የልውውጥ ቪዛ። ዲኤስ-2019 ሚባል ወረቀት ይልኩልሻል፣ ከዛ ዲኤስ-160 ሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ሞልተሽ እንጦጦ መንገድ ኤምባሲው ጋ ኢንተርቪው። በመንግሥታቸው ገንዘብ ስለሆነ የቪዛም የሴቪስም (የውጭ ተማሪ መመዝገቢያቸው) ክፍያ የለብሽም፣ ስለዚህ "ፕሮሰሱን ላሳልፍልሽ" ብሎ ብር የጠየቀሽ ካለ ሌባ ነው። የልደት ቀንሽ ከኛ ወደ ፈረንጅ ሲቀየር በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆኑን እይ፣ ስንት ሰው በሱ ተጉላልቷል።

ወደ ዋናው ስንመጣ፣ በመንግሥት ገንዘብ በጄ-1 የሄደ ሰው ላይ 212 ኢ ሚሉት ሕግ አለ። አገርሽ ተመልሰሽ በድምሩ 2 ዓመት ካልኖርሽ ግሪን ካርድም ኤች-1ቢ ሚባለው የሥራ ቪዛም አይሰጥሽም፣ አሜሪካዊ ብታገቢ እንኳን። ማስነሻ መንገድ አለው ግን መንግሥት ለከፈለለት ሰው ጭንቅ ነው። ፕሮግራሙ የቆመበት የ1961 እ.ኤ.አ. ሕግ ሐሳቡ ልውውጥ ነው፣ ሄዶ አይቶ መመለስ፣ ለዛ ነው ሚከፍሉልሽ። ብዙ ሰው ማያውቀው ግን ይሄ ሕግ በተማሪ ቪዛ ድጋሚ ከመሄድ አይከለክልሽም፣ ዲግሪሽን ጨርሰሽ ማስተርስ አመልክተሽ በኤፍ-1 መሄድ ትችያለሽ፣ ያኔ ደግሞ አንዴ ሄዳ በቀኗ የተመለሰች ልጅ ነሽ።

አንድ የረሳሁት፣ ጥርስሽን የሚያምሽ ከሆነ እዚሁ ታክመሽ ሂጂ፣ የሚሰጡሽ ኢንሹራንስ ሁሉንም ነገር አይሸፍንም።

ማሬ_21፦
ሕግ ሕግ አትበሉ ባካቹ። እዚህ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠው ስንቱ ነው? እኔ ብሆን ጥፍት ነበር ምለው። 3 ታናናሾች አሉኝ እያለች እኮ ነው። ሕጉ እዛ ከደረስሽ በኋላ ይታሰባል።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ፦
ማሬ ጥፍት ያልሽውን እኔ አድርጌዋለሁ ስለዚህ እኔ ልናገር። በ2008 ክረምት ነው የመጣሁት፣ እንደሷ በተማሪ ፕሮግራም፣ የዛን ጊዜ አገር ውስጥ የነበረውን ታውቁታላቹ፣ እኔም ብመለስ ሚያስፈራኝ እውነተኛ ነገር ነበረኝ። የመመለሻው ቀን ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ፣ አብረውኝ የመጡት ልጆች ቁርስ ላይ ሲጠብቁኝ ነበር፣ እስከዛሬ ሚቆጨኝ ያቺ ቁርስ ናት። ጥገኝነት በገባሽ በ1 ዓመት ውስጥ ነው ሚጠየቀው፣ ጠየቅኩ፣ ከዛ መጠበቅ ነው። ዓመት ይሄዳል፣ ሌላ ዓመት ይሄዳል፣ እስክትጠሪ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና ታቆሚያለሽ፣ እኔ ጋ ሚሠሩት ግማሾቹ ዲግሪ ያላቸው የኛ ልጆች ነበሩ። እናቴን 7 ዓመት በቪዲዮ ነው ያየኋት።

በእውነት የሚያሳድደው ነገር ያለ ሰው ይቅር፣ አልፈርድበትም፣ እኔ ራሴ ነኝ። የሌለው ሰው ግን ታሪክ ፈጥሮ ሊምልበት ነው፣ ያንን ታሪክ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ይዘሽው ትዞሪያለሽ። ሌላም አለ። ከኔ በኋላ በነበረው ዓመት ከኔ ግቢ አንድም ልጅ አልተመረጠም። በኔ ምክንያት ይሁን አይሁን ማንም አልነገረኝም፣ ጠይቄም አላውቅ።

ስለ አክስትሽ ልጅ ደግሞ ክፉ አይደለችም። እዚህ ብቻዋን ናት። "እንዳትመለሺ" ስትል "ነይልኝ" ማለቷ ነው፣ እኛ እንዲህ ነው ምናወራው። ደውዪላትና በዛ ጆሮ ስሚያት።

ቶና_ቡና፦
የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ አስለቀስከኝ እኮ።

ጣና_ዳር፦
ትናንት ማታ አነበብኩትና መመለስ አቅቶኝ ነው እስካሁን የጠፋሁት። ማሬ አልተቀየምኩሽም፣ አባቴ ያላለውን ነው ያልሽው። ዛሬ ጠዋት ማመልከቻውን አስገባሁ፣ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ቁጥር ጻፊልኝ ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝ ግን ጻፈችልኝ። ሄዱ ግልባጩ ለነማን እንደሆነ ሲያይ "ቆይ እስቲ እንነጋገራለን" ብሏል፣ ሰኞ ጠርቶኛል።

ከዛ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን ስለምንመጣ ልታገኚኝ ትችያለሽ አልኳት፣ ትንሽ ዝም አለችና ማልቀስ ጀመረች፣ 6 ዓመት ከቤተሰብ ሰው አላየሁም አለች። እንዳትመለሺ ያለችውን አልደገመችውም፣ አላቆመችም ማለቴ አይደለም፣ ነገ ትደግመው ይሆናል። ብቻ አሁን የእናቴን በርበሬና ሽሮ ይዘሽልኝ ነይ ብላለች፣ እናቴ ደግሞ ቋንጣም ልጨምር እያለች ነው። ያሳልፉኛል?

ፎርም_ሙሌ፦
ቋንጣው ቦሌ ላይ ቢያልፍ እዛ ሲደርስ ይጣላል፣ ሥጋ አያስገቡም፣ እናትሽን አሳምኛት። በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም ግን ምግብ ይዘሻል ወይ ሲሉሽ አዎ በዪ፣ የለም ብለሽ ካገኙት ነው ጣጣው። በደንብ በድርብ ፌስታል አሽጊው፣ በርበሬው ከተፈታ 5 ሳምንት ሙሉ ልብስሽ ሲያስነጥስሽ ነው ሚከርመው።