ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ መረብ ሲሞላ ነጭ ዓሣ በዝቷል ማለት ነው?

ፎገራ_ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ (በሳይንሳዊ ስሙ Labeobarbus) ብዛት ላይ ነው። ነሐሴ ላይ የጉማራ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ የሚጣል መረብ ሞልቶ ይወጣል። ይህን ይዤ «እያገገመ ነው» ብል ያስኬዳል? ምልክት አድርጎ መልሶ በመያዝስ መቁጠር ይቻላል?

ሚዛን፦ አያስኬድም። በዚያ ወቅት በርካታ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ስለሚወጡ አስቀድመው ወንዙ አፍ ላይ ይታጨቃሉ። ሐይቁ እየተራቆተ እንኳ እዚያ መረቡ ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች የዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ወንዝ አፍ ላይ የሚደረገው አጠማ ነው።

ወንዝ አፍ፣ ዳርና መሐል ሐይቅ ላይ ቋሚ ቦታ ይምረጡ። ዓይናቸው 6፣ 8፣ 10፣ 12 ሳ.ሜ የሆኑ መረቦችን ከምሽቱ 12 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ይጣሉ፤ ውጤቱን 100 ሜትር መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ዓሣ እንደያዘ አድርገው ያስሉ። ባዶ የወጣውንም መረብ ይመዝግቡ! ብዙ ሰው እሱን ይጥልና አማካዩን ያሳብጣል። እንቦጭ የተጠመጠመበትን ግን ለብቻ ይያዙ፤ እሱ ዓሣ አልያዘም ማለት ዓሣ የለም ማለት አይደለም።

የግድብ_ልጅ፦ ምልክት ማድረጉ 3,000 ካሬ ኪ.ሜ ለሚሆነው ጣና አይሆንም፤ ለትንሽ ግድብ ነው። 120 ዓሣ ምልክት ተደርጎባቸው ቢለቀቁ፣ በሁለተኛው ዙር ከተያዙት 100 ውስጥ 14ቱ ምልክት ቢኖራቸው፣ በሦስቱም ቁጥሮች ላይ 1 ተጨምሮ፦ 121 × 101 ÷ 15 − 1፣ ወደ 814 ይመጣል። ምልክቱ ከወለቀ ወይም ዓሣው ከሞተ 14 የነበረው ያንሳል፤ ስሌቱም የሌለ ዓሣ ይፈጥራል።

ፎገራ_ዳር፦ ክንፍ መቁረጥስ?

የግድብ_ልጅ፦ የሆድ ክንፉን ጫፍ ብቻ። መልሶ ስለሚያድግ ሁለተኛውን ዙር ከሁለት ሳምንት አያሳልፉት።

ሚዛን፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ነጭ ዓሣን ከቆሮሶ (ቲላፒያ) ጋር ፈጽሞ አይደምሩት። ቆሮሶ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ይዞ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይፈለፍላል። ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ግን ጠጠር ላይ፣ ንጹሕና ፈጣን ውሃ ውስጥ ይጥላል፤ ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ የጫጩቶቹን ቁጥር ለብቻ ይከታተሉ፤ ትልልቆቹ እየተያዙ ጫጩት ከጠፋ ጉዳቱ መረቡ ላይ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ለጥበቃ ከሆነ ደግሞ ሐይቁን ሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ከሐምሌ እስከ መስከረም ወንዝ አፎቹን ከመረብ ነፃ ማድረግ፣ ከዚያ ወዲያ ጠጠርና አሸዋ የሚወጣበትን የወንዝ ክፍል ማስከበር ይቀድማል።