ሙዚቃ ቢዝነስ ኮሌጅ ገብቶ መማር ወይስ «ጆሮና ወዳጅ»? (ከኮዬ ፈጬ ግሩፕ)

ኮዬ ቢትስ፦ ግሩፕ እንዴት አደራችሁ። ጠዋት ከኮዬ ወደ ቃሊቲ ስወርድ ታክሲ ውስጥ በሬዲዮ የሰማሁት ነገር እስካሁን ሆዴን አቃጥሎኛል። አንዲት እናት ደውላ «ልጄ ሙዚቃ ቢዝነስ ካልተማርኩ ብሎ አስጨነቀኝ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ትላለች። እንግዳው ፕሮሞተር ነኝ ባይ ነው። መልሱን ስሙ፦ «ሙዚቃ ለመሸጥ ጆሮና ወዳጅ ይበቃል። ለዚህ ብሎ ኮሌጅ መግባት የአባትን ገንዘብ መጨረስ ነው።» ጋዜጠኛው ሳቀ፣ ሾፌሩ ሳቀ፣ ረዳቱ እንኳ ሳቀ። አገሩ በዘፋኝ ተጥለቅልቆ ውል አንብቦ የሚረዳ ሰው በመብራት በሚፈለግበት ዘመን እንዲህ ተብሎ ይመከራል?

ሰርግ ኪቦርድ፦ እና ምኑን ዋሸ? አንተስ የት ተምረህ ነው? መኝታ ቤትህን በስፖንጅ ለብጠህ ስቱዲዮ አልከው፣ ደንበኛ መጣ፣ አለቀ።

ኮዬ ቢትስ፦ እኔ ሚክስ ነው የማደርገው፣ ስለ መሸጥ ነው የምናወራው።

ሰርግ ኪቦርድ፦ መሸጡን ደግሞ ወዳጅህ ይሸጥልሃል። ይበቃል ተብሏል።

ብሎክ 31፦ ተማሩም አትማሩም፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ያን ቤዝ ዝቅ አድርጉት። ሕፃን አለን።

የካሴት ዘመን፦ ልጆች፣ ሰውየውን ከመስደባችሁ በፊት ትንሽ ታሪክ እናስታውስ። አምሐ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሐ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ክልከላውን እያወቀ ገባበት። የትኛው ኮሌጅ አስተማረው? ጆሮ ነበረው፣ ልብ ነበረው፣ ወዳጅ ነበረው። በእኔ ጊዜም ካሴት ስናወጣ ማስተሩን ይዘን መርካቶ ነበር የምንሄደው። ነጋዴው ሁለት ዘፈን አዳምጦ ዋጋ ይነግርሃል። ዲግሪ የጠየቀን የለም።

የያሬዷ፦ ጋሼ፣ አምሐን ማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፣ ግን ታሪኩን ግማሽ ላይ ባይተዉት። ያ ሸክላ ሁሉ የዓለም ጆሮ የገባው መቼ ነው? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ ባለው ቡዳ ሙዚክ በሚባል ሙዚቃ አሳታሚ በኩል «ኢትዮፒክስ» እያለ በተከታታይ ሲያወጣው ነው። ጆሮው እኛ ጋ ነበር፣ ወዳጁም ሞልቶ። መብቱን ተፈራርሞ፣ ታሪኩን ጽፎ፣ በቅጡ አሽጎ ገበያ ያደረሰው ግን ከባሕር ማዶ መጣ።

የካሴት ዘመን፦ የኔ ልጅ፣ ያኔ የጎደለን ትምህርት አልነበረም። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የማታው ከተማ ሞተ፣ አምሐም አገር ጥሎ ወጣ። ሰዓት እላፊን በምን ዲግሪ ታሸንፊዋለሽ?

የያሬዷ፦ እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ሰዓት እላፊ የለም። ታዲያ ዛሬስ ምን ጎደለን?

ሰርግ ኪቦርድ፦ መብራት። ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ በዳታ ነው እየተከራከርኩ ያለሁት።

ዲሲ ነኝ፦ ከማዶ ሰላም ብያለሁ። ኮዬ ቤተሰብ ስላለኝ ግሩፑ ውስጥ አለሁ። ሙዚቃ ቢዝነስ የተማርኩት እዚሁ አሜሪካ ስለሆነ ዝም ብል ይቆጨኛል። የሬዲዮው ሰውዬ «ወዳጅ ይበቃል» ያለው የት ላይ እንደሚወድቅ በአንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። ዘፋኟ ለኮንሰርት ስትፈርም ውሉ «300 ሺህ ብር ወይም ከተጣራው ገቢ 70 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው» ይላል እንበል። 2 ሺህ ሰው በ500 ብር ገባ፣ 1 ሚሊዮን ብር። ወጪ 400 ሺህ። የተጣራው 600 ሺህ፣ 70 በመቶው 420 ሺህ። ወዳጅ ብቻ ያላት ዘፋኝ ከመድረክ ስትወርድ 300 ሺዋን ተቀብላ፣ አቅፋ ስማ ትሄዳለች። 120 ሺህ ብር እዚያው ቀረ። የተማረ ማናጀር ያላት ግን እሷ ገና መድረክ ላይ ሳለች ሰውዋ ቢሮ ገብቶ የትኬት ጉርዱንና ደረሰኙን አንድ በአንድ እያየ ነው። የጀነሬተር ወጪ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከሆነ የሚያዘው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ኮዬ ቢትስ፦ ይኸው! ሬዲዮ ጣቢያው ይህን ጋብዞ ቢሆን ኖሮ።

ሰርግ ኪቦርድ፦ 300 ሺህ ብር የሚከፈላት ዘፋኝ ኮዬ ውስጥ የምትገኝ ከሆነ ቁጥሯን ላኩልኝ፣ በነፃ አጅባታለሁ። ደግሞ ይህን ማባዛትና መቀነስ 6ኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። ለዚህ ስንት ዶላር ከፈልክ?

ዲሲ ነኝ፦ ብዙ። እኔ የተማርኩበት ረከስ ይላል። ቦስተን ያለው በርክሌይ የሚባለው የሙዚቃ ኮሌጅ ግን የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ40 ሺህ ዶላር ያልፋል።

ሰርግ ኪቦርድ፦ አንድ ቀን እንኳ ወዳጅ በ40 ሺህ ዶላር ሲሸጥ አላየሁም። እኔ በሁለት ቢራ ነው የማገኘው።

ኮዬ ቢትስ፦ ሙላቱ አስታጥቄ በርክሌይ ባይሄድ ኖሮ ኢትዮ ጃዝ የሚባል ነገር ይኖር ነበር?

የካሴት ዘመን፦ ሙላቱ እዚያ ሄዶ ሙዚቃ ነው የተማረው፣ ቢዝነስ አይደለም። አታምታታ።

የያሬዷ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ግን ቀሪውንም እንይ። በ2005 እ.ኤ.አ. ጂም ጃርሙሽ ፊልሙ ውስጥ የሙላቱን ሙዚቃ ሲያስገባ ስንት ሺህ አዲስ ጆሮ መጣ? ፊልም ውስጥ አንድ ሙዚቃ ለማስገባት ሁለት ፈቃድ ይፈለጋል፣ አንዱ ከዜማው ባለቤት፣ አንዱ ከቅጂው ባለቤት። ነገ ከእኛ ሰፈር የአንዱን ዘፈን የፈለገ ሰው ቢመጣ፣ ማንን ነው የሚያናግረው? ፍላሽ ላይ የሚጭነውን ልጅ?

ሰርግ ኪቦርድ፦ የያሬድ ልጆች ደግሞ ጀመሩ። ከጎኔ ቆሞ ሰርግ ላይ የሚነፋ ማስተርስ ያለው ሳክስፎኒስት አውቃለሁ። ሙሽሮች ሲገቡ ዲግሪውን ማንም አላየውም።

የያሬዷ፦ አየህ፣ ራስህ መለስከው። ያሬድ ሙዚቀኛ ያወጣል፣ ሥራው ነው፣ ክራርና ማሲንቆን ከፒያኖ እኩል ክብር ሰጥቶ ያስተማረ ቤት ነው፣ በያሬድ አትምጣብኝ። ያ ሳክስፎኒስት ሰርግ ላይ የቀረው መንፋት አቅቶት ሳይሆን የሚሸጥለት አጥቶ ነው። እኔ የምለው ከሙዚቀኛው ጎን ሻጩም ይሠልጥን ነው። ለምን ቦስተን? እዚሁ ለምን አይከፈትም?

እናት ከብሎክ 8፦ ሰላም ልጆች። ሬዲዮ ላይ የደወልኩት እኔ አይደለሁም፣ ጭንቀቱ ግን አንድ ነው። የእኔም ልጅ ይህንኑ ነው የሚለው። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው ሁሉ ያለፈው 5.4 በመቶ ነበር፣ እሱ ካላለፉት ነው። አሁን አጎቱ ከውጭ እከፍላለሁ ብሏል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተምሮ ሲጨርስ ማን ይቀጥረዋል?

የካሴት ዘመን፦ እግዜር ይስጥሽ እናቴ። ጥያቄው ይኸው ነው። እዚህ አገር ደመወዝ የሚከፍል ሌብል፣ ሙዚቃ አሳታሚ ማለቴ ነው፣ ቢሮውን አሳዩኝ። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ኮዬ ቢትስ፦ ጋሼ፣ የጥሪ ማሳመሪያ የሚያቀርቡ ድርጅቶች አሉ። የዩቲዩብ ቻናሎች አሉ። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የሚባለውን የሙዚቃ አፕ ሲጀምሩ ዘፈን በስልክ መሸጥ ይቻላል ብለው አሳይተዋል። ሮፍናን ዩኒቨርሳል ከሚባለው የውጭ ሌብል ጋር ተፈራርሟል። ያን ውል ከዚህ ወገን ሆኖ መስመር በመስመር የሚያነብ ሰው አያስፈልግም?

የካሴት ዘመን፦ ጠበቃ አለ።

ዲሲ ነኝ፦ ጠበቃው ሕጉን ያውቃል። «ሪኩፕ» የምትለዋን አንቀጽ አይቶ ዘፋኙ ስንት ዓመት ሳንቲም ሳያይ እንደሚቆይ የሚነግርህ ግን ሙዚቃውን የሚያውቅ ነው። ሌብሉ ለቪዲዮ፣ ለስቱዲዮ፣ ለማስታወቂያ ያወጣው ሁሉ ከዘፋኙ ድርሻ ላይ እየተቀነሰ እስኪያልቅ አይከፈለውም። ቅድሚያ የተሰጠውም ብር እንደዚያው። ለእናታችን ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት። ከእኔ ጋር ከተማሩት ሥራ የያዙት በዲግሪው አይደለም፣ ሲማሩ ኢንተርንሺፕ፣ ማለት የሥራ ልምምድ፣ በሠሩበት ቢሮ ነው። ቡና ያመላለሱም አሉ። ሌላ ሙያ የገቡም አሉ። ልጁ ከሄደ ኢንተርንሺፕ ያለበትን ይምረጥ።

ሰርግ ኪቦርድ፦ ኢንተርንሺፕ ማለት በአማርኛ ወዳጅ ማበጀት ነው። ሰውየው ልክ ነበር።

ኮዬ ቢትስ፦ አቦ ተወና!

ሕግ ተማሪ፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ክፍል ነበረኝ። ወዳጅ ወዳጅ ስትሉ ማንም አዋጁን አላነሣም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል። መብት ሲተላለፍ በጽሑፍ ይሁን ይላል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ማሻሻያው 872/2007 ደግሞ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር የሚከፈለው፣ በጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲሰበሰብ መንገድ ከፍቷል። ይህን የሚያስፈጽም ባለሙያ ከየት ይምጣ? ከወዳጅ?

የካሴት ዘመን፦ አዋጅ አለ፣ ልክ ነህ። ታክሲው ያሰማን ዘፈን ማን ከፈለበት? ካፌውስ? እዚህ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለው ልጅ በፍላሽ 500 ዘፈን ጭኖ ሲሸጥ ማን ጠየቀው? መጀመሪያ የሚሰበሰብ ገንዘብ ይኑር፣ ከዚያ ሰብሳቢ አሠልጥኑ።

የያሬዷ፦ ሰብሳቢ ሳይኖር ገንዘቡ በምን ይሰበሰባል ጋሼ?

የካሴት ዘመን፦ አንቺ ልጅ ከእኔ ጋር ዛሬ ምን ነካሽ?

ሰርግ ኪቦርድ፦ ሕግ ተማሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ሰው ለሌላ ሰው ኪቦርድ ቢጫወትለት፣ ወረቀት ባይፈራረሙ፣ ዘፈኑ ቢወጣና ቢታይ፣ የማን ነው?

ሕግ ተማሪ፦ እንደ ሁኔታው ነው። ሥራው በትእዛዝ ከተሠራና ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያ ባለቤት የሚሆነው ያሠራው ሰው ነው። ከዋኝ፣ ማለትም ተጫዋች፣ ስትሆን ደግሞ በተጫወትከው ላይ ተዛማጅ መብት አለህ። ዜማው ላይ ፈጠራ ካስገባህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ለምን?

ሰርግ ኪቦርድ፦ እንዲሁ ነው። ኮዬ ቢትስ ያንብበው ብዬ ነው።

ኮዬ ቢትስ፦ ምን ማለት ነው?

ሰርግ ኪቦርድ፦ የዘፈንህ መግቢያ ላይ ያለችው በባቲ ቅኝት የተጫወትኳት ነገር፣ ሰው ሁሉ በቲክቶክ የሚያንጎራጉራት፣ የማን እጅ ናት? 3 ሺህ ብር ሰጥተኸኝ «ወንድሜ በኋላ እናያለን» ያልከኝስ? ውል ውል ስትል ከጠዋት ጀምሮ እያነበብኩህ ነው።

ብሎክ 31፦ እሷን ዘፈን በግድግዳ በኩል በቃሌ ይዣታለሁ። እኔም ድርሻ ይገባኛል።

ዲሲ ነኝ፦ ለማንኛውም ምክሬ፣ ዘፈን በወጣ ቀን ስፕሊት ሺት ሙሉ። አንድ ወረቀት ነው። የሠራው ሰው ስም፣ ምን እንደሠራ፣ በመቶኛ ስንት፣ ፊርማ። ቅጂው አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ አለው፣ እሱንም እዚያው ጻፉት። በኋላ ዘፈኑን ኦንላይን የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ሲጠይቃችሁ አትጨቃጨቁም። ደግሞ ከዩቲዩብ አሜሪካ ባለ ተመልካች የሚመጣው ገቢ ላይ 30 በመቶ ግብር ሊቆረጥ እንደሚችል አስቡ። የቀረውን ነው የምትካፈሉት።

ሰርግ ኪቦርድ፦ የሚቆረጠው ከምን ላይ ነው? ቻናሉ እኮ የእሱ እንኳ አይደለም። ለአንዱ ቻናል በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጧታል። ማስታወቂያው ከሚያመጣው 55 በመቶው ለቻናሉ ይሄዳል፣ ለእኛ አይደርሰንም።

የያሬዷ፦ ኮዬ፣ እውነት ነው? በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጥካት?

ኮዬ ቢትስ፦ የስቱዲዮ ኪራይ ደርሶብኝ ነበር። ቻናሉን የያዘው ሰው የማውቀው ነው፣ ሌላ ጊዜ ያስተካክላል።

የካሴት ዘመን፦ የምታውቀው? ማለት ወዳጅህ?

ሕግ ተማሪ፦ ጋሼ ዛሬ ለበሉን።

እናት ከብሎክ 8፦ እኔ ግራ ገባኝ ልጆች። የልጄ ፎርም ዓርብ ይዘጋል። ይላክ ነው የምትሉኝ ወይስ ይቅር?

የያሬዷ፦ ይላክ እማዬ።

የካሴት ዘመን፦ ይቅር እናቴ። ገንዘቡን ለንግድ ስጪው።

ዲሲ ነኝ፦ አጎቱ የሚከፍለው በብድር ከሆነ ይቅር፣ በካሽ ከሆነ ይላክ። የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ በውስጥ ይጻፉልኝ።

ኮዬ ቢትስ፦ ሰርግ ኪቦርድ፣ ኢንቦክስ ና።

ሰርግ ኪቦርድ፦ አልመጣም። ሕግ ተማሪው እዚህ ነው፣ እዚሁ እናውራ። መቶኛ ስንት ነው?

ኮዬ ቢትስ፦ ያቺ ፍሬዝ እኮ ስምንት ኖታ ናት።

ሰርግ ኪቦርድ፦ ቁጠራት እስቲ። ዘጠኝ ናት። ስንት?