ለገና ባዛር ቡዝ ማስዋቢያ ምከሩኝ፤ ዛፉ ይቅር ወይስ ይኑር?

ሙዳይ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ነኝ። የሽመና ሻርፕ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስና ትንንሽ የስንደዶ ስፌት እሸጣለሁ። ዘንድሮ ሁለት ባዛር ላይ ቦታ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ከፈረንጆቹ ገና፣ ማለትም ከታኅሣሥ 16 በፊት ባለው ቅዳሜና እሁድ ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በድንኳን። ገዢው አብዛኛው የውጭ ሰው ነው። ሁለተኛው ከታኅሣሥ 24 እስከ 28፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ለኛው ገና። ሁለቱም ቦታ 3 በ2 ሜትር ነው።

የአምናውን ጉድ ልንገራችሁ። ትልቅ የፕላስቲክ ዛፍ ገዛሁ። በረዶ እንዲመስል ጥጥ በተንኩበት። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ጠመጠምኩበት። የገና አባት ደግሞ መግቢያው ላይ አቆምኩ። ሰው ጎረፈ! ግን ዛፉ ሥር ፎቶ ተነስቶ ውልቅ ይላል። ጥጡም እየበነነ ጥቁሮቹ ሻርፖች ላይ ተለጠፈ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለቅም ዋልኩ።

ሁለቱንም ባዛር የሚያገለግል አንድ ማስዋቢያ ከ8,000 ብር ሳላልፍ እንዴት ልሥራ?

ሽሮሜዳ ሰፈሬ

እህቴ፣ ጥፋቱ የዛፉ አይደለም። ዛፉ ላይ ያንቺ ዕቃ የለም፤ ነገሩ እሱ ነው። የዛፉን ጌጥ ኳሶች አውርጂና ትንንሾቹን ስፌቶች በቀይ ክር አንጠልጥዪበት። እያንዳንዱ ላይ ዋጋ ይኑር። ፎቶ የሚያነሳው ሰውም ያንቺን ሥራ ይዞ ይሄዳል። ቦታውንም ቀይሪ፤ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ጥግ። ሰው ዛፉን ሊያይ ሲገባ በሻርፖቹ መሀል ማለፉ አይቀርም።

ሌላው ነጭ በነጭ የሚባለው በሽታ ነው። ድንኳኑ ነጭ፣ ጠረጴዛው ነጭ፣ ሸማው ነጭ ከሆነ ከአሥር እርምጃ ርቀት ምንም አይታይም። አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነው። ጋቢ ሲሸጥ ጥቁር ብርድ ልብስ ላይ ነበር የሚዘረጋው። ጥለቱ ያኔ ይወጣል። ከጀርባ ጥቁር አረንጓዴ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጨርቅ ስቀዪ። ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን 3 ሜትርሽን ይሸፍናል። ለ2 ሜትር ቁመት ከነመቀምቀሚያው 4.5 ሜትር ግዢ፣ ይበቃሻል። ቀለሙ ለሁለቱም ገና ይሆናል።

ቤቲ

እኔ ጆንያ ነው የምለው። ርካሽ ነው፤ አገርኛ መልክም አለው።

እትዬ ባዛር

ጆንያ አይሆንም፣ የኔ ልጅ። እኔ አድርጌው አይቻለሁ። እሱም እንደ ጥጡ ይበናል፤ ሸማ ላይ ይለጠፋል። የእህል ሽታውም አይለቅም። ለሸክላና ለእንጨት ዕቃ ይሁን፤ ለልብስ ግን አይሆንም።

ሙዳይዬ፣ ስለ ጌጡ ከማሰብሽ በፊት ጠረጴዛውን አስቢ። ብዙ ሰው ጠረጴዛውን ከፊት እንደ አጥር ይገትርና ከኋላ ይቀመጣል። ገዢው ቆሞ ያያል፤ አይገባም። አንዱን ጠረጴዛ በጎን፣ ሌላውን ከኋላ አድርጊው፤ ፊቱ ክፍት ይሁን። የጠረጴዛው ጨርቅ መሬት ድረስ ይውረድ። ትርፍ ዕቃሽ፣ ምሳሽ፣ ፌስታልሽ ሁሉ እዚያ ሥር ይገባል። ዕቃውን ደግሞ ሁሉንም አታስተኚው። የቲማቲም ሳጥን ታውቂያለሽ አይደል፣ የእንጨቱን? ሦስት አራቱን ግዢ፤ እጠቢ፤ በአሸዋ ወረቀት አሽተሽ ቀለም ቀቢ። ሲደራረብ መደርደሪያ ነው፤ ሲያልቅ ዕቃሽን ጭነሽበት ትመለሻለሽ። ሸካራ ሆኖ ከቀረ ግን ክር ይመዛል።

ዋጋ ጻፊ። ይህን ሦስት ጊዜ ብደግመው ደስ ይለኛል። በተለይ የውጭ ሰው ዋጋ ካላየ ለመጠየቅ ያፍርና ይሄዳል። የኛ ሰውም ቢሆን ይከራከራል እንጂ መነሻውን ማወቅ ይወዳል።

ሩር

ዛፍ፣ ጥጥ፣ ቀይ ኮት የለበሰ ሽማግሌ... የኛ ገና ይኼ ነው እንዴ? እንደ ጥጥ የሚወርድ በረዶ አይተን አናውቅም እኮ! የገና ዱላ የት ሄደ? ጫፉ ቆልመም ያለውን አራት አምስት ዱላ ፈልጊ። ከድንኳኑ ብረት ላይ በሲባጎ አግድም እሰሪያቸው። ሻርፖቹን እነሱ ላይ አንጠልጥዪ። ማንጠልጠያም ነው፣ ጌጥም ነው። የውጭው ሰው «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ ወሬ ተጀመረ ማለት ነው። የኛው ሰው ደግሞ ልጅነቱ ትዝ ይለዋል። አንድ ሩር፣ የገና ጨዋታዋን ኳስ ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጪ ያምርበታል። ዛፉን ግን አውጥተሽ ጣይው።

ቤቲ

ዛፉን ጣይው ማለት ቀላል ነው። እናትን ወደ ቡዝ ጎትቶ የሚያስገባው ልጅ ነው፤ ልጅን የሚጎትተው ደግሞ ዛፍ። ወደድንም ጠላን አዲስ አበባ ውስጥ የገና ዛፍ የማያቆም ቤት ስንት ነው?

ሩር

እሺ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ዛፉ ይኑር። ጥጡ ግን ይቅር።

ኮረንቲ

መብራቱን ለኔ ተዉት። ብልጭ ድርግም የሚለው ዓይንን ወደ ራሱ ይስባል፤ ዕቃውን ማንም አያየውም። ቀጥ ብሎ የሚበራ ይሁን።

ኤልኢዲ አምፖል ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ኬልቪን የሚባል ቁጥር አለ። 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ ሸማውን በድን ያስመስለዋል። 3000 ውሰጂ፤ ቀዩንና ወርቃማውን ጥለት ያሞቀዋል። ነጩን ትንሽ ክሬም ማስመሰሉ አይቀርም። ገዢው ስለ ቀለሙ ከተጠራጠረ ወደ ቀን ብርሃን አውጥተሽ አሳዪው። አምፖሉን ከፊት ከላይ አድርገሽ ፊቱን ወደ ኋላው ግድግዳ አዙሪው እንጂ ወደሚገባው ሰው አታዙሪው።

ሦስት ባለ 9 ዋት አምፖል ይበቃሻል። ድምሩ 27 ዋት ነው፤ ምንም አይደለም። ችግሩ ጎረቤትሽ ነው። እሱ የውሃ ማፍያ ሲሰካ ወደ 2000 ዋት ይስባል፤ ብሬከሩ ሲወርድ ያንቺም አብሮ ድርግም ይላል። ቻርጅ የሚደረግ መብራት አንድ ሁለት መጠባበቂያ ያዢ። ጧፍና ሻማ ያምራል፤ አውቃለሁ። በጨርቅ መሀል፣ በድንኳን ውስጥ ግን በጭራሽ! በባትሪ የሚሠራ ሻማ አለ።

ከቨርጂኒያ

እኔ እዚህ በዲሴምበር ባዛሮች ላይ ስፌት እሸጣለሁ። ለፈረንጆቹ ገና የሚገዛ ሰው ስጦታ ነው የሚፈልገው፤ ያውም ብዙ ትንንሽ ስጦታ። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ከፊት ይሁን። ክዳን ያለው ትንሽ ሙዳይ ላይ የማንጠልጠያ ክር ስታስገቢበት የዛፍ ጌጥ ሆነ፤ እዚህ የሚያልቅብኝ እሱ ነው።

ሌላው ካርድ ነው። ስንደዶ ሣር መሆኑን፣ አለላው ቀለም የገባ ሣር መሆኑን፣ አንዱን ለመስፋት ስንት ቀን እንደሚወስድ በሁለት መስመር ጻፊ። ሰው እያነበበ ይቆያል፤ የቆየ ደግሞ ይነካል፤ የነካ ይገዛል። መጠቅለያ ወረቀት አትግዢ። የጥለት ቁራጭ ካለሽ በሱ እሰሪው።

ሙዳይ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ! ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ድንኳኑ ሜዳ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ፤ አምና ባነሬን ወስዶብኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ልጎዝጉዝ?

እትዬ ባዛር

ለነፋሱ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተሽ በአራቱም እግር እሰሪ። አንዱ 20 ኪሎ ነው፤ ማንም አይነቀንቀውም። ቢጫው ጀሪካን እንዳያስቀይምሽ በቁራጭ ጨርቅ ሸፍኚው። ባነሩን በሁለት ጫፍ ብቻ አትስቀዪው፤ ታችኛውንም እሰሪ። ሻርፖቹን በመርፌ ቁልፍ አትውጊ፤ ቀዳዳ ይተዋል። የልብስ መቆንጠጫ ይሻላል። የታኅሣሥ ፀሐይም ቀላል አይደለችም፤ ባለቀለሙን ልብስ ወደ ጥላው አድርጊ።

ቄጠማ መሬት ላይ ሽታው ልብ ያርሳል። ግን እርጥብ ነው፤ የተንዠረገገውን ሸማ ጫፍ አረንጓዴ ያደርገዋል። ሴራሚክ ላይ ደግሞ ያንሸራትታል፤ አዳራሾቹም ላይፈቅዱልሽ ይችላሉ። አንድ እንስራ ውስጥ አቁሚው። ሽታውን ታገኚያለሽ፤ በማግስቱ መቀየርም ቀላል ነው።

ሽሮሜዳ ሰፈሬ

ለሁለተኛው ባዛር የዕቃውን አቀማመጥ ገልብጪው። ሕዝቡ ጾም ላይ ነው፤ ግዢው የሚጦፈው የመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ያኔ ሰው የሚፈልገው የሚለበስ ነገር ነው። ስፌቱን ወደ ኋላ፣ ነጩን ሸማ ወደ ፊት። ግድግዳውና ዱላው ባለበት ይቆይ። የቴሌብር ቁጥርሽንም በትልቁ ጻፊ፤ ሰልፍ ሲበዛ እየጮኽሽ መንገር የለብሽም።

ሙዳይ (ጠያቂ)

የመጀመሪያው ባዛር አለቀ። ጥቁር አረንጓዴውን ጨርቅ ሰቀልኩ። የቲማቲም ሳጥን አራት ገዛሁ፤ ወንድሜ ቀባልኝ። ዛፉ ኋላ ጥግ ቆመ፤ 22 ትንንሽ ሙዳይ ሰቅዬበት አምስት ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፋሱ ተነሳ። የጎረቤቴ ጣሪያ ሲነሳ የኔ ድንኳን ንቅንቅ አላለም። እትዬ፣ ጀሪካኑ! መብራቱም አንዴ ጠፍቶ ነበር፤ እንደተባለው የውሃ ማፍያ ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ሦስት ሰው የገና ዱላውን ካልሸጥሽልን አሉኝ። አንዱማ ሻርፑን አውርዶ ዱላውን ይዞ ቆመ። ማንጠልጠያዬ ስለሆነ እምቢ አልኩ። ለታኅሣሥ 24 ስድስት ዱላ አዝዣለሁ።

ሩር

ዋጋ ጻፊበት!