«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጣና ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። የአንድ አባባል ትርጉም ልጠይቃችሁ። ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ከጓደኞቼ ጋር ጣና ላይ ወዳሉት የዘጌ ገዳማት ወርደን ልንሳለም ስለ ጀልባ ስንነጋገር አያቴ ሰሙን። «አይ ልጄ፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስንቅ ግን ቋጠሩልኝ። ታዲያ ይሄ ተግሣጽ ነው ምርቃት? ደግሞስ የሚነከረው ነገር ምንድን ነው?

ቃል ፈላጊ፦
እዚህ ባሕር ዳር ብዙ ሰው «ሊጥ ይነከርበታል» ሲል እሰማለሁ። በጠበል የተቦካ ሊጥ ከሆነ በረከት ነው እንጂ ምን ተግሣጽ አለው? የሚያውቅ ያስረዳን።

ባለ ሰንበቴ፦
የጣና ልጅ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ቃል ፈላጊ፣ ያንቺንም አብሬ ልመልስ።

ልጥ ነው እንጂ ሊጥ አይደለም። ሊጥ ይቦካል፤ አይነከርም። ልጥ «ላጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ከግንድ ላይ ተልጦ የሚወጣው ረጅም የዛፍ ቅርፊት ማለት ነው። ሚስማርና ሽቦ እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ማገሩን ከቋሚው የሚያስረው እሱ ነበር። አጥርም የሚታጠረው በልጥ ነው። የደረቀ ልጥ ስታጥፈው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ውኃ ውስጥ ሲያድር ግን ይለሰልሳል፤ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፤ ቋጠሮ ይይዛል። ያደረበት ውኃ ደግሞ ይጠቁራል፤ ይሸታል፤ ለአፍ አይቀርብም።

እንግዲህ ጠበሉን አስበው። ሰው ከሩቅ አገር በባዶ ሆዱ፣ ጫማውን አውልቆ ይመጣበታል። እዚያው ጎን ቤት የሚሠራው ሰውዬ ደግሞ ልጡን ዘፍዝፎበታል። ለእሱ ውኃ ነው። ለዚያውም ቅርብ ውኃ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አባባሉ «ነከሩበት» አይልም። «ይነከርበታል» ነው የሚለው። ማን እንደ ነከረው አይታወቅም። ጠበል ላርክስ ብሎ የተነሣ ሰው የለማ! ልጥ መንከር ነበረበት፤ ውኃው አጠገቡ ነበር፤ በቃ። ያገራችን ሰው ይህን ሁሉ በአንዲት ግስ ጨረሰው። እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በየአጥቢያችን የሚሆነው እንዲሁ ነው። የግቢው ችግኝ ሲደርቅ «ይድረቅ» ብሎ የወሰነ የለም። አንዲት መነኩሲት እናት ታመው ጎጇቸው ውስጥ ሲሰነብቱ «አትጠይቋቸው» ያለ የለም። ችግኙ ግን ይደርቃል። እናትም ሳይጠየቁ ይሰነብታሉ። ማን ነው ጥፋተኛው ብትል ስም የምትጠራው ሰው አታገኝም።

ወደ አያትህ ልመለስ። ዘጌ አትሂድ አላሉህም። አትሂድ የሚል ሰው ስንቅ አይቋጥርም። እኔ እንደሚገባኝ «የሰፈርህንስ ደብር መቼ ነው የተሳለምከው?» ነው ያሉህ።

የጣና ልጅ፦
እውነት ለመናገር እሱን እንኳ አልመለስኩላቸውም። ግን እኮ ገዳም መሄድ ትልቅ ነገር ነው። ያን ሁሉ አቃለው ነው?

ባለ ሰንበቴ፦
በጭራሽ። ገዳም መሳለም ያባት ነው። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ደግሞ የታደልን ነን። ሐይቁ ዳር ቆመን ክብራን ገብርኤልን እናያለን። ደብረ ማርያም ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ ናት። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም በቡናው ጫካ ውስጥ ናቸው። ራቅ ስትል ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም አለች። ሰው ለእነዚህ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ባሕር ተሻግሮ ከውጭ አገርም ይመጣል። እኛ ደግሞ ሌላ ጠበል ፍለጋ ሰከላ ድረስ እንሄዳለን፤ ግሽ ዓባይ። (የቃል ወዳጆች ስለሆናችሁ ልጨምርላችሁ። በአካባቢው ትውፊት አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡት። ኋላ መጥተው «ግሥዕ»፣ ትፋ ማለት ነው፣ ቢሉት መልሶ ተፋቸው፤ አንዱም አልራሰም። ግሽ የተባለው ከዚያ ነው ይላሉ።) ይህ ሁሉ ደግ ነው። ሰው ይሂድ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 30 ላይ ሙሴ ለሕዝቡ ሲናገር፣ ትእዛዙ ሰማይ ላይ አይደለም፤ ከባሕር ማዶም አይደለም ይላል። «ማን ባሕሩን ተሻግሮ ያመጣልናል?» እንዳትሉ ይላቸዋል። ቃሉ በአፍህና በልብህ ነው፤ እጅግ ቅርብ ነው፤ ታደርገው ዘንድ። ጣናን «ባሕር» እያለ ላደገ፣ የከተማው ስም ራሱ ባሕር ዳር ለሆነ ሰው ይህ ቃል ሲነበብ እንዴት ዝም ብሎ ያልፈዋል? ጀልባ ሳልሳፈር የማደርገው ነገር አለ ማለት ነው። መጨረሻዋን ደግሞ እዩአት። «ታውቀው ዘንድ» አላለም፤ «ታደርገው ዘንድ» ነው ያለው።

ምን ይደረግ? አንዱን ልንገርህ። በቅዳሴ መሐል ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ይላል። በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። ሩቅ ደብር ስትሄድ አጠገብህ የቆመው ሰው አያውቅህም። ራስህን ዝቅ አድርገህ እጅ ትነሳዋለህ፤ ቀላል ነው። አጥቢያህ ላይ ግን ከጎንህ የቆመው በወሰን አጥር የተካሰስከው ጎረቤትህ ነው። ወይ ደግሞ ለቅሶ ሳትደርስላት የቀረሃት ሴት ናት። ነጠላዋን ተከናንባ በአጠገብህ ቆማለች። ታውቅሃለች። ቃሉ የሚከብደው እዚያ ላይ ነው። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ያለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው።

ሌላው የአብነት ተማሪው ነው። ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ስለ ማርያም ስም ማለቱ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ውሻ ሲያባርረው የሚውል ልጅ ነው። አኩፋዳውን ገልጠህ ብታየው የሦስት አራት ቤት ቁራሽ ተደባልቆበታል፤ የትናንቱ ደርቆ፣ የዛሬው ገና ለስላሳ ነው። ነገ ቅዳሴ የሚያቆመው፣ ዜማ የሚያወርደው እሱ ነው። ገዳም ልሳለም ብሎ ወደ ወደቡ በባጃጅ የሚበር ሰው አጠገቡ አልፎት ይሄዳል። እዚህ ላይ ልጡ ሲነከር ይታየኛል።

አንባቢው፦
ይቅርታ ባለ ሰንበቴ፣ አንድ ተቃውሞ አለኝ። በነገሥት መጽሐፍ ለምጻሙ ንዕማን ሶርያዊው ከሀገሩ ወንዞች ከአባናና ከፋርፋ ይልቅ ዮርዳኖስ እንዲታጠብ ነው የታዘዘው። የቅርቡ ወንዝ አላዳነውም። የሩቁ ነው ያዳነው። ስለዚህ መጽሐፉ አባባሉን አይደግፍም።

ባለ ሰንበቴ፦
መልካም ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ። ግን ታሪኩን እስከ ታች እንይ። ንዕማን የተቆጣው ስለ መንገዱ ርቀት አይደለም። መንገዱንማ ጨርሶታል፤ ፈረስና ሠረገላውን ይዞ ኤልሳዕ ደጅ ቆሟል። የተቆጣው ነገሩ ስለ ቀለለበት ነው። ነቢዩ ወጥቶ ይቆምልኛል፣ እጁን ዘርግቶ ይጸልይልኛል ብሎ ጠበቀ። የመጣው መልእክተኛ ነው፤ የታዘዘው መታጠብ ነው። አገልጋዮቹ ምን አሉት? ነቢዩ ትልቅ ነገር ቢያዝህ ኖሮ አታደርገውም ነበር ወይ? አሉት። ልቡ የተመለሰው በዚህ ነው።

እኛም እንዲሁ ነን። ሰባት ቀን ሱባኤ ያዙ ብንባል እንይዛለን። በእግር ዘጌ ድረስ ሂዱ ብንባል እንሄዳለን። ከማኅበርተኛችሁ ጋር ታረቁ፣ የታመመ ጠይቁ፣ ግቢ ጥረጉ ሲባል ግን ነገሩ ያንስብናል። ስለዚህ ንዕማን ከእኔ ጋር ነው ባይ ነኝ።

ቃል ፈላጊ፦
ስምዎን ሳይ ሁልጊዜ ልጠይቅዎ አስብ ነበር። ሰንበቴና ማኅበር ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከተማ ላደግን ሁለቱም «ድግስ» ናቸው።

ባለ ሰንበቴ፦
ድግስስ አይደሉም፣ እህቴ። ሰንበቴ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚበላና የሚጠጣ ነው። አባላቱ በተራ ዳቦውን፣ ንፍሮውን፣ ጠላውን ያመጣሉ። ካህናቱ ይባርካሉ። ነዳያኑ፣ መንገደኛውም ይቀምሳሉ። ማኅበር ደግሞ በወር አንድ ጊዜ በቅዱሱ ቀን በየቤቱ የሚዞር ነው፤ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ እያለ። የሚመራው ሰው «ሙሴ» ይባላል። በመጨረሻ ጽዋው ለባለ ተራው ይሰጣል። «ጽዋ ተረከበ» የሚባለው እሱ ነው።

ደስ የሚለኝ ምኑ መሰለሽ? የተጣላ ሰው አንድ ጽዋ አይጠጣም። ሙሴው ያውቃል፤ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ተራው ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይላካል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። ሁለት ወንድማማቾች በእናታቸው ቤት ውርስ ተኳርፈው ዓመት ከረሙ። ፍርድ ቤቱም ቀበሌውም አላስታረቃቸውም። ጽዋው ታናሽየው ቤት ሊገባ ሲል ሙሴው፣ ደከም ያሉ አዛውንት ናቸው፣ ታላቅየው ደጅ ሄደው ቁጭ አሉ። ውኃ እንኳ አልጠጣም አሉ። እስኪመሽ ድረስ። ሰውዬው በመጨረሻ ጋቢውን ደርቦ አብሯቸው ወጣ። ይህን የሚያደርግ ሰው ስብከት ላይ ስሙ አይነሣም። ግን ክርስትናን ባሕር ዳር ውስጥ የት ልየው ብትይኝ እዚያ ደጅ ላይ ነው የማሳይሽ።

የዓባይ ማዶ፦
እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ውይይታችሁ ግን እኛም ቤት ገባ። «አገልጋይ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሲጀመር የሚታዘዝ፣ የሚላክ ሰው ማለት ነበር። አሁን በእኛ ዘንድ አገልጋይ ሲባል መድረክ ላይ የሚቆመው ነው። ከሌሊት መጥቶ ወንበር የሚደረድረውን፣ ሽንት ቤት የሚያጥበውን «አገልጋይ» ብሎ የሚጠራ ስንቱ ነው? ስሙ እሱን ትቶ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ።

ባለ ሰንበቴ፦
እንዴት ያለ ነገር ነው ያመጣኸው! ጌታ በጸሎተ ሐሙስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበው ይህን ስም ሊያስተምረን ነበር። በእኛም ዘንድ እየሆነ ነው። ቤተልሔም፣ የቅዳሴው ኅብስት በሚዘጋጅበት ቤት ውስጥ ስንዴ የሚለቅመውን፣ ደወል የሚደውለውን ማን ያስበዋል? ይህን ቃል ለብቻው እንወያይበት።

አንባቢው፦
ንዕማንን ተቀብያለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። «ጠበል» ራሱስ ከየት መጣ? ግዕዙ «ጸበል» ትቢያ፣ አቧራ ማለት አይደለም?

ባለ ሰንበቴ፦
ነው። በግዕዝ ጸበል ትቢያ ነው። በአማርኛ የተቀደሰው ውኃ ሆነ። ሦስተኛም ትርጉም አለው፤ «ነገ የገብርኤል ጠበል ጻዲቅ አለብኝ፣ ጠበል ቅመሱልኝ» ሲባል ምግቡና መጠጡ ነው። እንግዲህ ጎረቤትህ ጠበል ቅመስልኝ ብሎህ በሥራ አሳበህ ከቀረህ እሱም የቅርብ ጠበል ነው።

የጣና ልጅ፦
አባባሉ ለሰውስ ይባላል? ወይስ ለቤተ ክርስቲያን ነገር ብቻ ነው?

ባለ ሰንበቴ፦
ለሰውም በደንብ ይባላል። አጠቃቀሙ ላይ ግን ጠንቀቅ በል። የተናቀውን ወገን ሆኖ የሚነገር ነው፤ ንቆ የተገኘውን በጨዋ ደንብ መንካት ነው። ስለዚህ ታናሽ ለታላቅ ፊት ለፊት አይለውም። አያት ለልጅ ልጇ ትለዋለች። ጓደኛ ለጓደኛ ይለዋል። ሰው ለራሱም ይለዋል፤ ያኔ ያምርበታል። ሁለት ምሳሌ ልስጥህ፦

«ቅኔ ልማር ብሎ ስንት አገር ዞረ፤ መሪጌታው ግን እዚሁ አጥር ለአጥር ናቸው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።»

«ለሰው ሁሉ ስታዝን ትውላለህ፣ ሚስትህ ግን ስትታመም ማን ጠየቃት? አይ፣ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።»