ለብረት ጋራዥ በር የቱ ሴንሰር ይሻላል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ጀመዓ፣ የጋራዤ በር ወደ ላይ የሚነሳ ብረት ነው፣ ክፍት ይሁን ዝግ በስልኬ ማየት ፈልጌ ነበር ማግኔት ያለውን ልግዛ ወይስ ሌላ አለ? መብራቱን ደሞ ታውቁታላችሁ።

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ አብሽር ወንድሜ፣ ትንሿን የክፍል በር ማግኔት ግን ብረት ላይ እንዳትለጥፍ፣ ብረቱ ጉልበቷን ያዳክማታል፣ ነፋስ በሩን ነቅነቅ ባደረገው ቁጥር ተከፈተ እያለች በሌሊት ትቀሰቅስሃለች። ማግኔት ካልክ ለብረት በር የተሰራውን፣ በማግኔቱና በሴንሰሩ መሀል ሰፊ ክፍተት የሚችለውን ውሰድ።

መልስ፦ ወደ ላይ ከሆነማ ዘንበል ሲል የሚያውቀው ሴንሰር ነው፣ በሩ ላይ ብቻ ይታሰራል አለቀ። ለተንሸራታች በር አይሆንም።

መልስ፦ ዋይፋይ የሆነው ባትሪ ይጨርሳል፣ ዚግቢ (ባትሪ የሚቆጥብ ሌላ የገመድ አልባ ግንኙነት) ይሻላል ግን ሀብ፣ ማለትም ሴንሰሩን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ እቃ፣ ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ሴንሰሩ በባትሪው ይሰራል፣ ራውተርና ሀቡ ከጠፉ ግን ስልክህ ላይ ምንም አይመጣም፣ ለነሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆያቸው) ያዝ።

ጠያቂ፦ ኢንሻአላህ፣ ዩፒኤሱ ፒያሳ ይገኝ ይሆን?